ጃፓንን ስንጽፍ ሁሉን «ቤተ መቅደስ» አንበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ጃፓን የወጣውን ጽሑፍ አንብበነዋል። ፎቶግራፎቹ ያምራሉ፤ ጸሐፊው አገሩን በፍቅር እንዳየውም ያስታውቃል። ነገር ግን በአንድ ገጽ አምስት ሥፍራዎች ተጠቅሰው አምስቱም «ቤተ መቅደስ» ተብለዋል። ኢሴ፣ ኢትሱኩሺማና ሄይአን የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር እምነት፣ ናቸው። ኪዮሚዙ የቡድሃ ነው። አምስተኛው፣ በኪዮቶ ከተማ ያለው ጎሾ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይኖሩበት የነበረ ግቢ እንጂ ምእመን የሚሳለመው ቦታ አይደለም። ይህን የምንጽፈው ጸሐፊውን ለመውቀስ አይደለም። ስሕተቱ በአማርኛ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ እነዚህን ነገሮች ለይቶ ለመጥራት ደግሞ አማርኛ ቃል አይቸግረውም።

በወሎ መስጊድን ቤተ ክርስቲያን ብሎ የሚጠራ የለም። አንዱ አያቱ ሼህ፣ ሌላው አያቱ ቄስ የሆኑ ልጅ እንኳ ሁለቱን ስም አያምታታም። ጃፓንም በዚህ ወሎን ትመስላለች። ሕፃን በተወለደ በወር ገደማ ቤተሰቡ ወደ ሺንቶው ቦታ ወስዶ ያስመርቀዋል፤ ያው ሰው ሲሞት ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በቡድሃ ሥርዓት ይፈጸማል። አንድ ሰው በሁለቱም ደጅ ይመላለሳል፤ ስማቸውን ግን አይቀላቅልም። የሺንቶው ጂንጃ ነው፤ የቡድሃው ቴራ ነው። መስጊድን ከነስሙ ከዐረብኛ ተቀብለን አማርኛ እንዳደረግነው ሁሉ፣ ጂንጃንና ቴራንም ከነስማቸው ብንቀበል ቋንቋው አይከብደውም። መጀመሪያ ሲጠቀስ «ጂንጃ፣ የሺንቶ እምነት የአምልኮ ሥፍራ» ብሎ አንድ ጊዜ መፍታት ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጂንጃ ብሎ መሄድ ነው።

«መቅደስ» ብንለውስ? ቃሉ የሚያሳስት እዚህ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለ፤ መቅደስ ካህናት ብቻ የሚገቡበት የውስጠኛው ክፍል ነው። ጂንጃም ክፍል ክፍል አለው። ምእመኑ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚሰግድበት ሕንፃ ሃይዴን ይባላል። ከኋላው መባ የሚቀርብበት ሄይዴን አለ። ከዚያም ኋላ፣ ተዘግቶ የሚኖረውና ካሚው፣ ማለትም በሺንቶ የሚመለከው መንፈስ፣ ያድርበታል የሚባለው ሆንዴን አለ። በአማርኛ መቅደስ የሚለውን ስም ለአንዱ ክፍል እንስጥ ካልን የሚገባው ለሆንዴን ብቻ ነው። መላውን ግቢ መቅደስ ካልነው ግን «ጎብኚዎች በመቅደሱ ውስጥ ፎቶግራፍ ሲነሡ» የሚል የፎቶ መግለጫ ይወጣና አንባቢ ይደነግጣል፤ ሰዎቹ የቆሙት ከቅጥሩ ውስጥ፣ በሃይዴኑ ፊት ነው።

ሆንዴን የሌለው ጂንጃም አለ። በናራ አውራጃ ያለው ኦሚዋ ጂንጃ ሃይዴን ብቻ ነው ያለው፤ ምእመናኑ የሚሰግዱት ከጀርባው ላለው ለሚዋ ተራራ ነው። የካሚው ማደሪያ የሚሆነው ነገር ሺንታይ ይባላል። መስተዋት፣ ሰይፍ፣ ድንጋይ ወይም እንደ ሚዋ ተራራ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ተሸፍኖ የሚኖር ስለሆነ የሚያየው የለም። ስለዚህ «ጣዖት» ብሎ መጻፍ ስድብ ከመሆኑም በላይ ነገሩን ይስታል፤ ለሰው ዓይን የቆመ ምስል የለምና። ካሚንም «እግዚአብሔር» ወይም «አምላክ» ብሎ መተርጎም አይሆንም። ካሚዎች ብዙ ናቸው፤ ተራራም፣ የሞተ ሰውም ካሚ ሊባል ይችላል። ካሚ ብሎ መተው ይሻላል።

የቦታው ስም መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሆነ ይነግራል። ጂንጃ፣ ጂንጉ፣ ታይሻ ወይም ጉ ብሎ ያለቀ የሺንቶ ነው። ጂ፣ ቴራ፣ ዴራ ወይም ኢን ብሎ ያለቀ የቡድሃ ነው። ጎሾ፣ ሪኪዩ ወይም ጎዮቴይ ካለ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ መኖሪያ ወይም ማረፊያ ነው። ጥንቃቄው ከዚህ ይጀምራል፤ ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ ብዙ ነውና። በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር ሴንሶ-ጂ የቡድሃ ነው፤ አጠገቡ አሳኩሳ ጂንጃ የሺንቶ ነው። «ሴንሶ» እና «አሳኩሳ» በጃፓንኛ ጽሕፈት የሚጻፉት በእነዚያው ሁለት ምልክቶች ሲሆን ንባባቸው ብቻ ይለያያል። በጽሑፋችሁ የተጠቀሰው ኪዮሚዙ-ዴራም በዋናው አዳራሽ ጀርባ ጂሹ ጂንጃ የሚባል የሺንቶ ቦታ አለው፤ ጸሐፊው በዚያ የሺንቶ በር አይተው መላውን የሺንቶ ያሉት ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ሁለቱ እምነቶች በአንድ ቅጥር መኖራቸው የተለመደ ነበር፤ በዚያ ዓመት መንግሥት ይለዩ ብሎ ስላዘዘ ነው ዛሬ በስምም በአስተዳደርም የተለያዩት።

የስሙ መጨረሻ ራሱ ፍቺ እንዳለው ሲረሳ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይመጣል። «የኪዮሚዙ-ዴራ ቤተ መቅደስ» ማለት «የኪዮሚዙ ቴራ ቴራ» ማለት ነው። የደሴ ሰው ይህን ሳይነግሩት ይገባዋል። ከከተማችን በስተሰሜን ያለው ውኃ ስሙ ሐይቅ ስለሆነ «ሐይቅ ሐይቅ» እንላለን፤ እኛ የምንለው ግን አውቀን፣ ከተማውን ከውኃው ለመለየት ነው። ኪዮሚዙ-ዴራ ግን የሚለየው ሌላ ነገር ስለሌለ «ኪዮሚዙ-ዴራ» ብቻ በቂ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ሚያ የሚለው ቃል ነው። ቤተ መንግሥቱ ከቤተ መቅደሱ ጋር የተደባለቀውም በእርሱ በኩል ነው ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ትንሽ ብንቆይበት ይፈቀድልን።

ሚያ ሁለት ቁራጭ አለው። «ያ» ቤት ማለት ነው። «ሚ» የክብር መነሻ ነው፤ ከስም ፊት ገብቶ ባለቤቱን አንቱ እንደ ማለት ያደርገዋል። አማርኛ ክብሩን በግሡ ላይ ያውላል፤ «ቤታቸው ገቡ» እንላለን። ጃፓንኛ ቤቱን ራሱን ያከብረዋል። እንግዲህ ሚያ «የሚከበሩት ቤት» ነው። የሚከበሩት ማን ናቸው ሲባል ግን መልሱ ሁለት ነው፦ ካሚው ወይም ንጉሠ ነገሥቱ። የሚጻፍበት ምልክት ከላይ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር ሁለት ሣጥን የመሰሉ ክፍሎች አሉት፤ ክፍሉ የበዛ ትልቅ ቤት መሆኑን ዓይን ያየዋል። የዚህ አንድ ምልክት ዋና ዋና ንባቦች ሦስት ናቸው፦ ሚያ፣ ጉ እና ኪዩ። «ጂንጉ» ሲባል የካሚው ቤት ነው። «ኪዩዴን» ሲባል የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ የሚወስድ ሰው ግማሹን ጊዜ መሳቱ አይቀርም።

በልማድ የሚረዳ መለያ አለ። በቦታ ስም መጨረሻ ጉ ሆኖ ከተነበበ ጂንጃ ነው፤ ኪዩ ሆኖ ከተነበበ ቤተ መንግሥት ነው። ሁለት ቃላት ግን ከዚህ ይወጣሉ። «ቶጉ» በቃሉ «የምሥራቁ ቤተ መንግሥት» ሲሆን የሚጠሩበት አልጋ ወራሹ ናቸው። «ቹጉ» ደግሞ «የመካከሉ ቤተ መንግሥት» ሲሆን በጥንቱ ሥርዓት የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት መጠሪያ ነበር። በኒኮ ያለውን «ቶሾጉ»ን ከ«ቶጉ» ጋር ማምታታት ቀላል ነው፤ ቶሾጉ ግን ሾጉኑ ቶኩጋዋ ኢዬያሱ እንደ ካሚ የሚከበሩበት ጂንጃ ነው። ሾጉን ደግሞ የጦር አዛዥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበረም። ስለዚህ ጉ ያለበት ሁሉ ከንጉሣዊ ቤተሰብ ጋር ይያያዛል ማለት አይደለም። በ903 እ.ኤ.አ. በግዞት የሞቱት ሊቅ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ የሚከበሩባቸው ቦታዎችም ቴንማንጉ ይባላሉ፤ ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ የሚሳለሟቸው እነዚህን ነው። ጂንጉ የሚለው ማዕረግ ግን በአብዛኛው ከንጉሠ ነገሥቱ ዘር ጋር የተያያዘ ነው።

«ሚያኮ» መናገሻ ከተማ ማለት ነው፤ ትርጉሙ «ሚያው ያለበት ቦታ»፣ ይህም ቤተ መንግሥቱ ነው። ከተማ የሚለው የእኛ ቃልም መነሻው የንጉሥ ሰፈር መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። «ሚያጂማ» ደግሞ «የሚያ ደሴት» ነው፤ በዚህ ጊዜ ሚያው ጂንጃ ነው፣ ኢትሱኩሺማ። አንዱ ቃል በአንዱ ስም ቤተ መንግሥት፣ በሌላው ጂንጃ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሥርዓተ አምልኮና አገር ማስተዳደር በጥንታዊቷ ጃፓን የአንድ ሰው ሥራ ነበርና። «ማትሱሪ» ለካሚ የሚደረግ በዓል ነው፤ «ማትሱሪጎቶ» የመንግሥት አስተዳደር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የወጣ ቃል ነው። እኛ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት ብለን በሁለት ቤት የለየነውን እነርሱ በአንድ ቤት አኖሩት። በ720 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የጃፓን ጥንታዊ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ የፀሐይዋ ካሚ የአማቴራሱ መስተዋት መጀመሪያ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥት ሱጂን ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ወጣ፤ ከዚያም በቀጣዩ ንጉሥ ዘመን ኢሴ ደረሰ። ይህ ትውፊት ነው። ግን የቃሉን ታሪክ በሚገባ ያስረዳል፦ ሚያው አንድ ነበር፣ በኋላ ለሁለት ተከፈለ።

ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም። በቶኪዮው የንጉሠ ነገሥት ግቢ ውስጥ ሦስት የሺንቶ ቤቶች አሉ፤ በአንድ ላይ ኪዩቹ ሳንዴን ይባላሉ። ካሺኮዶኮሮ የአማቴራሱ ነው፤ ኮሬይዴን የነገሥታቱ ነፍሳት፤ ሺንዴን የሰማይና የምድር ካሚዎች ሁሉ። በተቃራኒውም በኢሴ የጂንጃው ዋና ሕንፃ ሾዴን ይባላል፤ በቶኪዮው ቤተ መንግሥት ዋናው የሥርዓት አዳራሽ ሴይዴን ይባላል። ሁለቱ የሚጻፉት በእነዚያው ሁለት ምልክቶች ነው፤ አንድም ጭረት አይለያቸውም። ትርጉማቸው «ዋናው አዳራሽ» ነው። ካሚ ያደረበት እንደሆነ ሾዴን፣ ንጉሠ ነገሥት ያሉበት እንደሆነ ሴይዴን ተብሎ ይነበባል።

ዴን ማለት አዳራሽ ነው፤ ሃይዴን፣ ሆንዴን፣ ኪዩዴን ስንል ደጋግሞ የመጣውም እርሱ ነው። በቡድሃው ቴራ ግን ዋናው ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ ሆንዶ ነው፤ «ዶ» ብሎ ያልቃል። ሆንዴን ካነበባችሁ ጂንጃ ነው፤ ሆንዶ ካነበባችሁ ቴራ ነው። በላቲን ፊደል በተጻፈ ምንጭ ላይ የሚሠራ ጋዜጠኛ ይህችን አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ብዙ ስሕተት ይቀርለታል።

የንጉሣውያኑ ማዕረጎችም ከሕንፃ የወጡ ናቸው። ስማቸውን በቀጥታ መጥራት ነውር ስለነበር ሰዉ የቆመበትን ቦታ ይጠራ ነበር። «ሚካዶ» የተከበረው በር ማለት ነው። «ሄይካ»፣ በአማርኛ ግርማዊነታቸው የምንለው፣ በቃሉ «ከደረጃው ሥር» ነው። «ዴንካ»፣ ልዑልነታቸው የምንለው፣ «ከአዳራሹ ሥር» ነው። ደጃዝማችን ከደጅ ላወጣ፣ ደጅ ጥናትን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ሐተታ አይጠይቅም። አልጋ ወራሽ የሚለውንም ማዕረግ የወሎ ሰው ከሌላው ይልቅ በቅርብ ያውቀዋል፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ወሎን ሲገዙ መቀመጫቸው ደሴ ነበርና። ቶጉ ሲመጣ «አልጋ ወራሹ» ብሎ መተርጎም እንጂ «የምሥራቁ መቅደስ» ብሎ መጻፍ አይገባም።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ቃላት ስንመጣ የአማርኛ ሀብት ያስደስታል። በጽሑፋችሁ የቶኪዮው ሁሉ በአንድ ላይ «ቤተ መንግሥት» ተብሏል። ጃፓኖች ግን ሦስት ቃል አላቸው፤ እኛም ሦስት አለን። «ኮኪዮ» ወደ 115 ሄክታር የሚሆነው፣ በውኃ ጉድጓድ የተከበበው ቦታ በሙሉ ነው። ይህ ግቢ ነው። በግቢው ውስጥ ሥርዓት የሚፈጸምበት ሕንፃ «ኪዩዴን» ነው። ይህ አዳራሽ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተሰባቸው ጋር የሚኖሩበት «ጎሾ» ነው። ይህ እልፍኝ ነው። መርሖ ግቢንና አይጠየፍን የሚያውቅ ደሴዬ ልዩነቱን ለማየት ሩቅ አይሄድም፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የግብር አዳራሽ እንጂ ግቢው ራሱ አይደለም። በኪዩዴንም ውስጥ አይጠየፍን የሚመስል አለ፤ ሆሜይዴን ይባላል፤ የታላላቅ ግብዣዎች አዳራሽ ነው። ስሙም የመጣው ከአዲሱ እህል በዓል ቀጥሎ ይደረግ ከነበረ የጥንት የቤተ መንግሥት ግብር ነው። ሕዝብ በአዲስ ዓመት ጥር 2 ቀን እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱን በሩቁ የሚያይበት ረጅሙ ሕንፃ ደግሞ ቾዋዴን ነው። ጋዜጦች «ንጉሡ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ሰላምታ ሰጡ» የሚሉት እርሱን ነው፤ «ንጉሡ» ያሉትም «ንጉሠ ነገሥቱ» ቢባል ይገባል። ንጉሥንና ንጉሠ ነገሥትን መለየት ለወሎ ሰው አይከብደውም፤ በ1914 እ.ኤ.አ. የወሎና የትግሬ ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም።

ዘመኑንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዛሬው ኪዩዴን በ1968 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው በግንቦት 1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሏል። ከ1888 እስከ 1948 ግቢው ኪዩጆ ይባል ነበር፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው ኮኪዮ የተባለው። ስለዚህ የጦርነት ዘመን ሰነድ ሲተረጎም ኪዩጆን ሌላ ቦታ ነው ብሎ ማሰብ ያሳስታል፤ ግቢው ያው ነው። ግቢውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ኩናይቾ በእኛ አገር ቀድሞ የግቢ ሚኒስቴር የሚባለውን ይመስላል፤ በውስጡ ያለው «ጂጁ» የሚባለው ሹመትም እልፍኝ አስከልካይ ተብሎ ቢተረጎም አንድም ነገር አይጎድለው።

ሁለቱ ዓለም በአንድ ሕንፃ የተገናኙበት ሄይአን ጂንጉ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ኪዮቶ መናገሻ የሆነችበት 1,100ኛ ዓመት ሲከበር የተሠራ ነው። የጠፋውን የጥንቱን ቤተ መንግሥት ዋና አዳራሽ ስምንት እጅ ከተባለ አምስት እጅ በሆነ መጠን አሳንሰው አነፁትና ጂንጃ አደረጉት። ቅርጹ ቤተ መንግሥት፣ ግብሩ ጂንጃ። ጽሑፋችሁ «ጥንታዊ ቤተ መቅደስ» ማለቱ በዕድሜውም በዓይነቱም ስሕተት ነው።

በኢሴ ላይ ግን ጽሑፉ ተቃራኒውን ስሕተት ሠርቷል፤ «ከ1,300 ዓመት በላይ የቆመ ሕንፃ» ይላል። እንዲያ ቆሞ የኖረ ሕንፃ በኢሴ የለም። ሾዴኑ የሚሠራው ካልተቀባ የሂኖኪ እንጨት ነው፤ ክዳኑ ሣር ነው፤ ምሰሶዎቹ ያለ መሠረት ድንጋይ በቀጥታ መሬት ውስጥ ይተከላሉ። ጎጆ የሠራ ሰው ያውቃል፦ መሬት የገባ ምሰሶ አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ይበሰብሳል። በየሃያ ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያው ልክና በዚያው ቅርጽ አዲስ ይሠራና ካሚው ወደዚያ ይዛወራል፤ አሮጌው ይፈርሳል። ሥርዓቱ ሺኪኔን ሴንጉ ይባላል። በ690 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2013 ለ62ኛ ጊዜ ተፈጽሟል፤ ቀጣዩ በ2033 ነው። ስሌቱ ከ62 በላይ ሊያመጣ ይገባ ነበር፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ከ120 ዓመት በላይ ስለተቋረጠ ነው የጎደለው። ላሊበላን ለለመደ ሰው ነገሩ ይገለበጥበታል። እዚያ አለቱ ራሱ ከነጥርቡ ይኖራል፤ ኢሴ ላይ እንጨቱ ያልፋል፣ ልኩና የአናጢው እጅ ግን ከትውልድ ትውልድ ይተላለፋል። ትክክለኛው አጻጻፍ «ቅርጹ ከ1,300 ዓመት በላይ የዘለቀ፣ ሕንፃው በ2013 እ.ኤ.አ. የታነፀ» ነው።

የኢሴ ስምም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ያለ ቅጽል «ጂንጉ» ብቻ ከተባለ ኢሴ ነው፤ «ኢሴ» የቦታው ስም ነው። በውስጡ 125 ጂንጃዎች አሉ፤ ዋናዎቹ ናይኩና ጌኩ፣ የውስጡና የውጩ፣ ናቸው። ፎቶግራፍ ሲቀላቀልባችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። በጣሪያው ጫፍ ላይ መስቀለኛ የቆሙት ቺጊ የሚባሉ እንጨቶች ጫፋቸው አግድም የተቆረጠ ከሆነ፣ በጉልላቱ ላይም የተጋደሙት ካትሱኦጊ የሚባሉ ግንዶች አሥር ከሆኑ ናይኩ ነው። ቺጊው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተቆረጠና ግንዶቹ ዘጠኝ ከሆኑ ጌኩ ነው።

ስለ ሥርዓቱ ጥቂት እንጨምር። ጽሑፉ ሰዎች «በደጁ ካለው ገንዳ ጠበል ይጠጣሉ» ይላል። ጠበል አይደለም፤ አይጠጣምም። ቦታው ቴሚዙያ ይባላል፤ መታጠቢያ ነው፤ ከጠበል ይልቅ ለውዱእ ሐሳብ ይቀርባል። በቀኝ እጅ ጭልፋውን ይዞ ውኃ መቅዳት፤ ግራ እጅን ማጠብ፤ ጭልፋውን ወደ ግራ አዛውሮ ቀኝን ማጠብ፤ ወደ ቀኝ መልሶ በግራ መዳፍ ውኃ ተቀብሎ አፍን መጉመጥመጥና ከገንዳው ውጭ መትፋት፤ ግራ እጅን እንደገና ማጠብ፤ በመጨረሻም ጭልፋውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ የቀረው ውኃ በእጀታው ላይ እንዲወርድ መተው። ሁሉም በአንድ ጭልፋ ውኃ ይፈጸማል። ጀማሪ የሚሳሳተው መጀመሪያ ላይ ብዙ አፍስሶ ለእጀታው ሳይተርፈው ሲቀር ነው፤ ያ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ንጹሕ ጭልፋ አለመተው ነው። ጭልፋውን በቀጥታ ከአፍ ማስነካት ነውር ነው። ከዚያ በሃይዴኑ ፊት ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ መስገድ፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አንድ ጊዜ መስገድ። በኢዙሞ ታይሻ ግን አራት ጊዜ ነው የሚጨበጨበው። በቡድሃው ቴራ አይጨበጨብም።

በበዓል ቀን ምእመናን በትከሻ የሚሸከሙትን ሚኮሺ «ታቦታቸው» ብሎ መጻፍም እየተለመደ ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ያየ ሰው መመሳሰሉ ቢስበው አያስገርምም። ቃሉ ግን «የተከበረ የሸክም ወንበር» ነው፤ በጣሪያው ላይ የሚቆመው ፊንክስ የሚባለው ወፍም የንጉሠ ነገሥቱ የሸክም ወንበር ምልክት ነበር። ካሚው ለአንድ ቀን የሚጓዝበት መቀመጫ ነው። ታቦት የሚለውን ለታቦት መተው ለሁለቱም እምነት ክብር ነው።

የመጨረሻው ነገር የፊደል ነው። ጃፓንኛን በፊደላችን መጻፍ ከላቲን ይልቅ ይቀላል፤ እነርሱም በቀለም በቀለም ይጽፋሉና። አናባቢያቸው አምስት ነው፦ ራብዕ፣ ሣልስ፣ ካዕብ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ። ግዕዙ በጃፓንኛ ቦታ የለውም። «ከሚ» እና «ሆንደን» ሳይሆን ካሚ እና ሆንዴን። ሳድስም ከ«ን»፣ ከ«ይ»ና ከ«ትሱ» መጀመሪያ በቀር እምብዛም አይገባም። በእንግሊዝኛ ንባብ በኩል ሲመጣ ነው ኢሴ «አይስ» ሆኖ በጋዜጣችሁ የታተመው። መጥበቅ እንደ አማርኛ በጽሕፈት አይታይም፤ ኒኮ ስትሉ «ኮ»ውን አጥብቁ። ረጅም አናባቢ መጻፍ በሁሉ ቦታ አያስፈልግም፤ አንድ ቦታ ግን ያስፈልጋል። ቶሪኢ የጂንጃ በር ነው፤ ቶሪ ወፍ ነው። ተያይዘው የመጡ ቃላት ድምፅ ይለውጣሉ፤ ቴራ ከኪዮሚዙ ጋር ሲገጥም ዴራ የሆነው በዚህ ነው፤ የተለያየ ቃል አይደለም።

ለሚቀጥለው እትም ማረሚያ ይሆናችሁ ዘንድ የአምስቱን ፎቶግራፎች መግለጫ እንዲህ አቅርበናል።

ኢሴ፤ የጂንጉ ናይኩ መግቢያ። የሚታየው የኡጂ ድልድይና በጫፉ የቆመው ቶሪኢ ነው።

ኢትሱኩሺማ ጂንጃ፣ ሚያጂማ ደሴት። በባሕሩ ውስጥ የሚታየው ቶሪኢ ከፍታው 16 ሜትር ያልፋል፤ የቆመው በ1875 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሥሩ አልተቀበረም፤ የሚያጸናው የራሱ ክብደት ነው።

ኪዮሚዙ-ዴራ፣ ኪዮቶ፤ የቡድሃ ቴራ። ሆንዶው በ1633 እ.ኤ.አ. እንደገና የታነፀ ነው።

ሄይአን ጂንጉ፣ ኪዮቶ። በ1895 እ.ኤ.አ. በጥንቱ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ጂንጃ።

ኪዮቶ ጎሾ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶኪዮ እስከ ሄዱበት ዘመን ድረስ የኖሩበት ግቢ፤ የሚታየው አዳራሽ በ1855 እ.ኤ.አ. የታነፀው ሺሺንዴን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጃፓንኛን ወደ አማርኛ የምንተረጉም፣ ከደሴ